ለመንጠቆ ፈቃድ፣ ለፓምፕ ዝምታ!

«የዓሣ ግማቱ ከአናቱ» ይላል ያገራችን ሰው። እኛ ዘንድ ግን ዓሣ ሸተተ በተባለ ቁጥር የሚፈተሸው ጭራው ነው። ሐይቅ ዳር መንጠቆ ይዞ የተቀመጠ ልጅ «ፈቃድህ የታለ?» ይባላል። ከዚያው ሐይቅ ሌት ተቀን ውኃ ሲምግ የሚያድረውን ሞተር ግን «የማን ነህ? ስንት ጠጣህ?» ያለው የለም። ዛሬ ላነሳ የፈለግሁት ይህንኑ ነው።

«ደግሞ የጅጅጋ ሰው ስለ ዓሣ ምን አገባው?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እውነቱን ነው። ጅጅጋ ሐይቅ የላትም። ፋፈን ዝናብ ሲጥል ይሞላል፣ ዝናቡ ሲያባራ አሸዋ ይሆናል። ከቶጎ ውጫሌ እስከ ቀብሪ በያህ፣ ከሐርታ ሼክ እስከ አዋሬ ያለው ሕዝብ የግመልና የፍየል ሕዝብ ነው። ዓሣ የሚያውቅ ቢሆን በበርበራ በኩል ከሩዝና ከፓስታ ጋር ተጭኖ የመጣውን የቱና ቆርቆሮ ነው። ዋቢ ሸበሌ ዓሣም አዞም አለው፤ እሱ ግን ጎዴ ነው፣ ሩቅ ነው።

ለኛ ቅርቡ ሐይቅ ሐሮማያ ነው፤ የድሮው ዓለማያ። ካራማራን ወጥቶ፣ ባቢሌን አልፎ፣ ሐረርንና አወዳይን ተሻግሮ ወደ ድሬዳዋም ሆነ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ የጅጅጋ መንገደኛ ሁሉ በአውቶቡስ መስኮት ሲያየው የኖረው ውኃ እሱ ነው። በዓይናችን እያየነው ሲሸሽ ከረመና 1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ላይ ጭራሹን ደረቀ። የዛሬ አርባ ዓመት ገደማ ጥልቀቱ እስከ 8 ሜትር ይደርስ የነበረ ሐይቅ፣ ከብት የሚግጥበት፣ ልጆች ኳስ የሚራገጡበት ሜዳ ሆኖ አረፈው። ያውም በአገሪቱ አንጋፋ የግብርና ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ! ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ስለ አፈርና ስለ ውኃ ሲያስተምር የኖረ ተቋም በመስኮቱ አሻግሮ ሐይቁ ሲሞት አየ። ምሁራኑ አልጻፉም ማለቴ አይደለም፤ በሰፊው ጽፈዋል። የጻፉትን ያነበበ ሹም ነው የጠፋው።

አሁን ደግሞ ሐይቁ ተመልሷል። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ዝናቡም ስለበዛ፣ በዙሪያው ተራሮች ላይ እርከን ስለተሠራና ችግኝ ስለተተከለ፣ ውኃው ቀስ በቀስ ተኛ። ዓሣውም ጀልባውም ተመለሰ። ዳር ዳሩን ሰው ይዝናናበታል። ደስ የሚል ነገር ነው፤ ማንም ጨለምተኛ ካልሆነ በቀር በዚህ አይከፋም። ችግሩ ያለው ሌላ ጋ ነው። ውኃው ተመለሰ፣ ውኃውን ያደረቀው አሠራርስ ሄዷል ወይ?

ይህን ጽሑፍ ከማሰናዳቴ በፊት በአካባቢው ወዳለ አንድ መሥሪያ ቤት (ስሙን ልተወው) ጎራ ብዬ ነበር። «በሐይቅ ላይ ዓሣ ለማጥመድ ፈቃድ የሚሰጠው ማነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ለንግድ ነው ለመዝናኛ?» አሉኝ ጠረጴዛው ላይ የነበሩት ሰው።

«ለመዝናኛ ቢሆንስ?»

«እንግዲያው ቱሪዝም ሂድ።»

ሄድኩ። እዚያ ያገኘኋቸው ወይዘሮ ትሁት ናቸው፤ ወንበር ሰጥተው አስቀመጡኝ። «ዓሣ እንስሳ ነው፤ እንስሳ የግብርና ነው» ብለው ወደ መጣሁበት መለሱኝ። ተመልሼ ስገባ ሰውዬው ገና አልወጡም ነበር። «ለንግድ ይሁንልኝ» አልኳቸው። «በማኅበር ተደራጅታችሁ፣ ከቀበሌ ደብዳቤ አጽፋችሁ፣ የታደሰ መታወቂያ ይዛችሁ...» እያሉ ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ። ጣቱ አምስት ሲሞላ አቋረጥኳቸውና «ጌታዬ፣ ፓምፕስ? ከሐይቁ ውኃ ለመሳብስ ምን ምን ያስፈልጋል?» አልኳቸው። ሳቁብኝ። «እሱማ የገበሬው ነው፤ ምን ፈቃድ ያስፈልገዋል?»

ሰውዬውን አልቀየምም። እሳቸው የተናገሩት አገሩ ሁሉ የሚሠራበትን ነው። ሕጉ ግን እንደዚያ አይልም።

እስቲ ሕጉን እንየው። ስለ ዓሣ የወጣው የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 315/1995 ነው፤ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ይባላል። ለንግድ የሚያጠምድ ፈቃድ ያውጣ ይላል። በመርዝና በፈንጂ ማጥመድን ይከለክላል። የዓሣ ሀብት ተቆጣጣሪ ይሾም ይላል። ክልሎችም በየራሳቸው እንዲያስፈጽሙ መንገድ ይከፍታል፤ አማራና የያኔው ደቡብ ክልል ብዙም ሳይቆዩ የየራሳቸውን አዋጅ አውጥተዋል። ክፉ ሕግ አይደለም። እንዲያውም ዘግይቶ የመጣ ነው።

ከዚህ አዋጅ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ግን ሌላ አዋጅ ወጥቶ ነበር፤ የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992። እሱን ደግሞ አንብቡት። የአገሪቱ ውኃ በሙሉ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው ይላል። ውኃ መጠቀም የፈለገ ፈቃድ ያውጣ ይላል። ከሁሉም በፊት ቅድሚያ የሚሰጠው ለሰው መጠጥና ለቤት አገልግሎት ነው ይላል። ከፈቃድ ነጻ ያደረጋቸውም አሉ፤ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ፣ ባህላዊ መስኖ፣ ባህላዊ የከብት እርባታ፣ የውኃ ወፍጮ፣ ባህላዊ ማዕድን አውጪ። ደግ ሕግ ነው። አካፋና ዶማ ይዞ ቦይ የሚቀድደውን ገበሬ ፈቃድ ፍለጋ እንዳይንከራተት አሰበለት።

ታዲያ ናፍጣ የሚጠጣ፣ የሐይቅ ውኃ በቱቦ ወደ ኮረብታ የሚገፋ ሞተር ከመቼ ወዲህ ነው «ባህላዊ» የሆነው? አያቶቻችን ሞተር ነበራቸው? በዚህች «ባህላዊ» በምትል ቃል ሥር ስንት ሺህ ፓምፕ ተደብቆ እንዳለፈ የሚያውቅ ካለ ይውጣና ይንገረን። በሐሮማያ ዙሪያ ያለውን ፓምፕ አንድ ሁለት ብሎ የመዘገበ መሥሪያ ቤት ካለ መዝገቡን ያሳየን። አዋጁ በወጣ በጥቂት ዓመት ውስጥ ሐይቁ ደረቀ። ውኃው ሲሸሽ ፓምፑ ተከተለው። ውኃው ሲያልቅ ደግሞ የሐይቁን ወለል ራሱን ቆፍረው ከሥር የቀረውን ይስቡ ጀመር። ያኔም «ፈቃድ» የሚባል ቃል ትዝ ያለው ሰው የለም!

ይህን ስል ገበሬውን ለመወንጀል አይደለም። በአንዲት ቁራጭ መሬት ላይ ስምንት ልጅ የሚያሳድግ ሰው ጫት ቢተክል ምን ይፈረድበታል? ማሽላው ዓመት አያደርሰውም፣ ጫቱ በየጥቂት ወሩ ገንዘብ ይሆናል። የተበደረውን ብድር የሚመልሰውም በሱ ነው። ሐይቁንም እሱ ብቻ አልጠጣውም። ሐረር ከተማ ለአሥርት ዓመታት ስትጠጣ የኖረችው ከዚሁ ሐይቅ ነው፤ የሐሮማያና የአወዳይ ከተሞችም፣ ዩኒቨርሲቲውም እንዲሁ። በዚያ ላይ ከተራቆተው ተራራ የሚወርደው ደለል አለ። ሁሉም በየፊናው ቀዳ፣ ሁሉም «የኔ ትንሽ ነው» አለ፤ ድምሩን የሚደምር አልነበረም። ድምር የመንግሥት ሥራ ነው።

ሐረርስ ምን ሆነች? የሐረር ሰው ይንገራችሁ። ጀሪካን ተሸክሞ ሰልፍ፣ ውኃ በአህያ፣ ውኃ በቦቴ። ኋላ ከድሬ ጃራ ቆላ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ውኃው በኤሌክትሪክ እየተገፋ ያን ሁሉ ተራራ እንዲወጣ ተደረገ። እግሯ ሥር ሐይቅ የነበራት ከተማ ውኃዋን ከቆላ አስመጣች። ለዚህ የወጣው ገንዘብ ለስንት ፓምፕ ቆጣሪ ይበቃ እንደነበር ማስላት ለባለሙያ ልተወው።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ፤ ወደ ጅጅጋ። ከሰዓት በኋላ ከአወዳይ የሚነሳውን አይሱዙ የማያውቅ የለም። ጡሩንባውን እያንባረቀ፣ ፍየል ሳይል ሰው ሳይል፣ በባቢሌ በኩል ወደኛ ይከንፋል። ግማሹ ጅጅጋ ይራገፋል፣ ግማሹ በቶጎ ውጫሌ አድርጎ ሐርጌሳ ይገባል። እርጥብ ነው፣ ለምለም ነው፣ በቅጠል ተጠቅልሎ ውኃ ተርከፍክፎበታል። ያ እርጥበት ከየት የመጣ ይመስላችኋል? ሐሮማያ በቦቴ ተጭኖ አልመጣልንም እንጂ በእስር በእስር እየሆነ ጅጅጋ ሲገባ ኖሯል። የሐይቁ ገራባ በየበርጫው ቤት ተጠርጎ ተጥሏል። ስለዚህ «የጅጅጋ ሰው ምን አገባው?» ላለ መልሴ ይህ ነው፤ ሐይቁን ካደረቁት መሐል የጅጅጋ ገበያ አንዱ ነው።

ነገሩ የሐሮማያ ብቻ ቢሆን እንኳ ባልከፋ። ፓርክ ተብሎ የታጠረ፣ ዘብ የቆመለት፣ መግቢያ የሚከፈልበት ሐይቅስ? የአብያታ ሻላን ብሔራዊ ፓርክ ተመልከቱ። በ1960ዎቹ ዓ.ም. ፓርክ የተባለው በተለይ ለወፎቹ ተብሎ ነው። የሻላ ደሴት ላይ የሚፈለፍሉት ነጭ ፔሊካኖች ቀለባቸውን የሚያመጡት ከአብያታ ነበር፤ ሻላ ጥልቅ ነው፣ ለነሱ የሚሆን ዓሣ ብዙም የለበትም። ከዚያ በደርግ ዘመን እዚያው አብያታ ዳር የሶዳ አሽ ፋብሪካ ተተከለ፤ ውኃውን ስቦ በገንዳ ያደርቅ ጀመር። ወደ ሐይቁ የሚገባው የቡልቡላ ወንዝም ከላይ ከዝዋይ ጀምሮ ለመስኖ ተጠለፈ። ሐይቁ ሸሸ፣ ጨዉ በረታ፣ ዓሣው አለቀ። ፔሊካኑም ቀለቡን ፍለጋ ሌላ ሐይቅ ሄደ። በዚያ ፓርክ ውስጥ ዓሣን የጨረሰው መንጠቆ የያዘ የአርሲ እረኛ ነው? ዘቡ ማንን ሲጠብቅ ነበር? በሩ ላይ ቆሞ ቲኬት ሲቆርጥ ሐይቁ በጓሮ ወጣ!

እዚህ ላይ ግን ሚዛን መጠበቅ አለብኝ። «አጥማጁ ምንም አያጠፋም፣ ልቀቁት» የሚል ካለ አልተባበርም። ጣና ምስክር ነው። በ1979 ዓ.ም. ገደማ በሞተር ጀልባና በዘመናዊ መረብ ማጥመድ ሲጀመር ሁሉም ደስ አለው፤ ዓሣ ባሕር ዳርን አልፎ አዲስ አበባ ገባ። ነገር ግን ባርበስ የሚባሉት የጣና ዓሦች ክረምት ሲወጣ እንቁላላቸውን ለመጣል እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ወንዞች ይወጣሉ። አጥማጁ ይህን ስላወቀ መረቡን የወንዙ አፍ ላይ ዘረጋ። ያ ማለት እናቲቱን ከነልጆቿ በደጃፏ ማነቅ ነው። ተመራማሪዎች ሲቆጥሩ በአሥር ዓመት ውስጥ የነዚህ ዓሦች ምርት ሦስት አራተኛው ያህል ወርዶ ተገኘ። በየገባሩ ደግሞ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃውን የሚመርዝ አለ፤ ዓሣው ሰክሮ ሆዱን ወደላይ አድርጎ ይንሳፈፋል፣ ትልቁም ትንሹም አብሮ ያልቃል። ነጭ ሳር ፓርክ የሚዋሰነው ጫሞም ከመረብ ብዛት የደረሰበትን የአርባ ምንጭ ሰው ያውቃል። ስለዚህ ፈቃድ ያስፈልጋል። የመረቡ ዓይን ስፋት መወሰን አለበት፤ በመራቢያው ወራት ወንዝ አፍ ላይ መረብ አይጣል። ይህን የሚቃወም የዓሣን ተፈጥሮ የማያውቅ ነው።

የኔ ክርክር የፈቃዱ ቅደም ተከተል ላይ ነው። ውኃ የሌለበት ሐይቅ ላይ የመረብ ዓይን ስፋት ቢለካ ምን ይረባል? ለልጁ መንጠቆ አምስት ወረቀት ጠይቆ ለሞተሩ አንድም ወረቀት የማይጠይቅ መንግሥት ዓሣውን ሊጠብቅ አይደለም የተነሳው፤ አቅመ ቢሱን ሊያስከፍል እንጂ። ልጁ ይያዛል፤ እግሩ ባዶ ነው፣ ዘመድ የለው። የሞተሩ ባለቤት ግን ግብር ከፋይ ነው፣ መራጭ ነው፣ ስብሰባ ላይ ይናገራል። አንዳንዴም (ይህን በሹክሹክታ ነው የምሰማው) የሞተሩ ባለቤትና የመሥሪያ ቤቱ ሹም አንድ ሰው ናቸው።

ጭራሽ ውኃ የሌለው ሕዝብ ግን ከዚህ የተሻለ ሥርዓት አለው። የሶማሌን የውኃ ወግ ያየ ይመሰክራል። ዝናብ ሜዳ ላይ ያጠራቀመው ውኃ የሁሉም ነው። በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ የቆፋሪው ጎሳ ነው፤ ተራ አለው፣ ለግመሉም ለበጉም ለፍየሉም። በሐውድ ምድር በሲሚንቶ የተሠራው ብርካ የባለቤቱ ነው፤ ይሸጠዋል፣ ዋጋውም ይታወቃል። ጥም የያዘው መንገደኛ ግን የትም ቢደርስ «አልሰጥህም» አይባልም። ይህ ሁሉ በሄር ነው፣ በሽማግሌ ቃል፤ በነጋሪት ጋዜጣ የወጣ አይደለም። ማን እንደሚቀዳ፣ ከማን ቀጥሎ፣ ስንት፣ ካጠፋስ ምን እንደሚከፍል እረኛው ልጅ ሳይቀር ያውቀዋል። አዋጅ 197ን ግን ከሐሮማያ ዳር ሰዎች ስንቱ ሰምቶታል? በኦሮምኛ ተነቦለታል? ቀበሌው በር ላይ ተለጥፏል?

በ1980 ዓ.ም. ከሐርጌሳ በኩል ስደተኛው ጎርፎ ሐርታ ሼክ ሲሰፍር፣ ያን ሁሉ ሕዝብ በሕይወት ያቆየው በቦቴ ይጫን የነበረ ውኃ ነው። ሰፈሩ እስከ 1996 ዓ.ም. ቆየ። የዚያን ጊዜ ሰው ውኃ በሊትር ተቆጥሮ ሲታደል አይቷል። ቦቴው ሲመጣ ሰልፉን፣ ሲዘገይ ጩኸቱን ያስታውሳል። ለዚህ ሰው «ውኃ ይቆጠር» ብትሉት አይገርመውም። የሚገርመው አለመቆጠሩ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? የሐሮማያ ውኃ የሚያርፈው ኦሮሚያ ክልል ውስጥ ነው፤ ሲጠጣ የኖረው ግን ሐረሪም ጭምር ነው። ሕገ መንግሥቱ ክልሎችን የሚያገናኝ ውኃን የሚያስተዳድረው ፌዴራል መንግሥት ነው ይላል። «ይህ ያንን አይነካም» የሚል የሕግ ሊቅ ቢኖር እንኳ ሁለቱ ክልሎችና ድሬዳዋ አንድ ላይ ተቀምጠው አንድ ጽሕፈት ቤት ቢያቋቁሙ የሚከለክላቸው የለም። ያ ጽሕፈት ቤት የመንጠቆውንም የመረቡንም የፓምፑንም ፈቃድ በአንድ መስኮት ይስጥ፤ እኔ ከቢሮ ቢሮ እንደተንገላታሁት ሌላው አይንገላታ። ከሁሉ በፊት ፓምፑ ይቆጠር፣ ቁጥር ይለጠፍበት። ሐይቁ ከተወሰነ ምልክት በታች ሲወርድ ሞተሩ ይቁም፤ ምልክቱም ገበሬው በዓይኑ የሚያየው የተቀባ እንጨት ይሁን እንጂ በኮምፒውተር ውስጥ የተደበቀ ቁጥር አይሁን። ሞተሩ ለሚቆምበት ገበሬ ደግሞ ማካካሻ ይታሰብለት፤ በባዶ ሆድ ሕግ የሚያከብር የለም። ለቤቱ አንድ ሁለት ዓሣ የሚይዘውን ልጅ ግን ተዉት። ከዝናኚውና ከነጋዴው የሚሰበሰበው ክፍያም ወደ ግምጃ ቤት ሄዶ አይቅለጥ፤ ተራራው ላይ እርከን ለሚሠራው ሰው የቀን ሂሳብ ይሁን።

ለጅጅጋ ባለሥልጣናትም አንድ ቃል አለኝ። በየከተማው መናፈሻ ይሠራል፣ ኮሪደር ይለማል ሲባል እንሰማለን። ነገ እኛም ጋ ኩሬ ተቆፍሮ፣ ዓሣ ተጥሎበት፣ ዙሪያው በአጥር ተከብቦ «ያለ ፈቃድ ማጥመድ ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ቢተከል አይገርመኝም። ሰሌዳው ከመተከሉ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፤ ያ ኩሬ የሚሞላው ከየት በሚመጣ ውኃ ነው? ከማን ቧንቧ ተቀንሶ? ይህን ለመመለስ የውጭ አማካሪ መቅጠር አያስፈልግም፤ አንድ የሐርታ ሼክ ሽማግሌ ጠርቶ ሻይ እየጠጡ መጠየቅ ይበቃል።

የሐሮማያ ዙሪያ ገበሬ ፓምፑን ከመጋዘን የሚያወጣው ክረምቱ አልፎ መሬቱ ሲደርቅ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። እስከዚያ የፓምፖቹን ቁጥርና የባለቤቶቹን ፈቃድ የያዘ መዝገብ አለኝ የሚል መሥሪያ ቤት ካለ፣ ዝርዝሩን ለዚህ ጋዜጣ ይላክልን። ቃል በቃል እናትማለን፣ አምዱ ክፍት ነው።